ሬዲዮው ዝም ያለበት አርብ

ንፋስ መውጫ በምሠራበት ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ የተቀዱ ዝግጅቶችን የሚያጫውት አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። አንድ ሰሞን እየደረቀ ያስቸግረን ጀመር። መብራቱ ይበራል፣ ማራገቢያው ይዞራል፤ ድምፅ ግን የለም። በበሩ በኩል ለሚያልፍ ሰው ደህና ይመስላል።

ቴክኒሻናችን ብዙ የማታወራ ወጣት ሴት ናት። ችግሩን ስጠይቃት ወንበር ስባ አስረዳችኝ። የኮምፒውተሩን ሥራ ሁሉ ከሥር ሆኖ የሚመራው ከርነል የሚባለው ፕሮግራም፣ የማሽኑ አእምሮ ከሆነው ከፕሮሰሰሩ ክፍሎች አንዱ ደርቆ ሲቀር የሚያውቅበት መንገድ አለው። ዋናው መንገድ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለ ልዩ ቆጣሪ ነው። የእኛ ማሽን ላይ ያ ቆጣሪ አይሠራም። ስለዚህ ከርነሉ ወደ ምትኩ ይዞራል፦ እያንዳንዱ ክፍል ከጎኑ ያለውን ያያል፤ የጎረቤቱ ሰዓት መቁጠር ካቆመ “ይሄ ደርቋል” ብሎ ይናገራል።

“ሁሉም አብረው ቢደርቁስ?” አልኳት።

“ያኔ የሚናገር የለም። ምትክ ነዋ፤ እንደ ዋናው አይሆንም።”

ያከራከረን ከተናገረ በኋላ ምን ይደረግ የሚለው ነበር። እሷ ማሽኑ ወዲያው ራሱን አጥፍቶ እንዲነሳ ፈለገች። ሥራ አስኪያጁ አልተዋጠላቸውም።

“አየር ላይ እያለን? ጳጳሱ እየባረኩ ቢጠፋብንስ?”

“ጋሼ፣ ከደረቀ እኮ ቡራኬውም ቆሟል።”

“ግዴለም፣ ያስጠንቅቀን። ማጥፋቱን እኛ እናውቅበታለን።”

ማስጠንቀቂያው በስክሪኑ ላይ በቀይ ጽሑፍ እንዲወጣ ተደረገ። ከተማችን ነፋሻ ናት፤ አቧራው በመስኮት ስንጥቅ ሳይቀር ይገባል። ጸሐፊያችን ቴሌቪዥኑንም ማተሚያውንም እጇ በሠራው ዳንቴል ትሸፍናለች፤ ያንንም ስክሪን እንደዚሁ ሸፍናዋለች። በየቤታችን የምናደርገው ስለሆነ ማናችንም ልብ አላልነውም።

አንድ አርብ ጠዋት አንድ ጎልማሳ ገባ። አባቱ ሌሊቱን አርፈዋል፤ ቀብሩ ከቀትር በኋላ ነው። ስማዳ ያሉት አጎቱ፣ የሟች ታናሽ ወንድም፣ አልሰሙም። ስልካቸው አይሠራም።

“አርብ አርብ ግን ከአርብ ገበያ አይቀሩም። እዚያ ሬዲዮ ያልከፈተ ሱቅ የለም። እባካችሁ ቶሎ በሉልኝ፤ ሌላ ወንድም የላቸውም።”

መልእክቱን አንብቤ ተቀዳ፤ በየመሐሉ እንዲደጋገም ማሽኑ ላይ ተጫነ። የሟቹ ልጅ ወደ ለቅሶው ተመለሰ። እኛ ስብሰባ ገባን።

ስብሰባው ሳያልቅ አርብ ገበያ ጨርቅ የሚነግዱ አንድ ሐጂ ደወሉ። የጣቢያው የቆዩ አድማጭ ናቸው፤ የሚያነሱት ነቀፌታ አያጡም።

“እናንተ ሰዎች፣ ዛሬ ከወሬም ጾማችሁ እንዴ? እኔ ሬዲዮዬ ተበላሸ ብዬ ስደበድበው አረፈድኩ!”

ቴክኒሻኗ ሮጣ ሄዳ ዳንቴሉን ገለጠችው። ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች ቀይ ነበር። የድምፁን ሥራ የያዘው ክፍል ደርቋል፤ ጎረቤቱም በወጉ ተናግሯል። መልእክቱ አንዴም አልተላለፈም።

ማይክሮፎኑ በዚያ ኮምፒውተር በኩል ስለማያልፍ ገብቼ በቀጥታ አነበብኩ፤ ደገምኩ፣ ሠለስኩ። ሐጂም ሱቃቸውን ለባልንጀራቸው ትተው ገበያው መሐል ሲያስጠሩ ዋሉ። አጎትየው ግን ጨው ገዝተው መንገድ ጀምረው ነበር። የሰማ ሰው ተከትሎ የደረሰባቸው የስማዳን መንገድ ካጋመሱ በኋላ ነው።

አመሻሹ ላይ ልጁ ለሥራ አስኪያጁ ደወለ። ስልኩ ድምፁን ያወጣ ስለነበር ሁላችንም ሰማን።

“አጎቴ ደረሱ። አፈር ከተመለሰ በኋላ ነው የደረሱት። ለማንኛውም እግዜር ይስጥልን።”

ሥራ አስኪያጁ ስልኩን አስቀመጡና ወደ ቴክኒሻኗ ዞሩ።

“ያልሽውን አድርጊው።”

በማግስቱ ሆን ብላ ማሽኑን አደረቀችው። ጥቂት ዝም አለ፤ ጠፋ፤ ማንም ሳይነካው ተነሥቶ ዝግጅቱን ቀጠለ። ሥራ አስኪያጁ እንደገና አስደረጓት። ከዚያ ወዲህ መድረቁን አልተወም፤ ግን ራሱ ይነሣል።

የአርባው ተዝካር ሲቃረብ ጥሪውን ይዘው የመጡት ራሳቸው የስማዳው ወንድም ነበሩ። ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። አንብቤ ቀዳሁላቸው።

“አባቴ፣ ከቀትር በኋላ ይተላለፋል። መንገድ እንዳይመሽብዎ ይሂዱ” አልኳቸው።

“የሞቱን አልሰማሁም። ይሄን ሰምቼ እሄዳለሁ።”

ቴክኒሻኗ ከማሽኑ አጠገብ ወንበር አስቀመጠችላቸው። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቁ። የወንድማቸው ስም ሲጠራ ቀና አሉ። እስኪያልቅ አዳመጡና ዱላቸውን አንሥተው ወጡ።