ጥጃውን የፈታሁት እኔ ነኝ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። መስቀል ተሳልሜ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን እዘረዝራለሁ፤ ድንበር ገፋሁ እላለሁ፣ ሰው ሰደብኩ እላለሁ። እዚህኛው ላይ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። እናንተ ስለማታውቁኝ ነው መሰለኝ ዛሬ የደፈርኩት።

ልጄ ብርቄ ስምንት ዓመቷ ነበር። ሆዷ ውስጥ ነቀርሳ ወጥቶባት ጎንደር ሐኪም ቤት ከረምን። ሁዳዴ እንደገባ ሲስተሯ ለብቻዬ ጠራችኝና፣ "አባት፣ በሽታውን ከእንግዲህ አንችለውም፤ ስቃይዋን ግን እንችላለን" አለችኝ። የሚጠጣ ማስታገሻ ሰጠችን፣ አሰጣጡን ለእናቷ አሳየች። የምትወደውን እንዳንከለክላት አደራ አለችን፤ ቤት ከገባንም በኋላ እየደወለች ትጠይቅ ነበር። ሸጋ ሰው ናት። እኔ ግን ጠላኋት፣ ልጄን ያሳመመችብኝ እሷ ይመስል።

እንፍራንዝ ቤታችን ስንመለስ ለእመቤቴ ተሳልኩ። ከቤቴ ማንም ጾም ሳይፈታ ለፋሲካ ከበቃን ልጄን ታተርፊልኛለሽ አልኩ። ከማን ጋር ነው የምገበያየው? ያኔ ራሴን እንዲህ ብዬ አልጠየቅኩም። ጾም በማጥበቅ አገር የሚያውቀኝ ሰው ነኝ። ግትር ነኝ፤ ግትርነቴን ሃይማኖት እለው ነበር።

ብርቄ ምግብ አልወርድላት አለ። የሚያምራት ትኩስ ወተት ብቻ ሆነ። እናቷ አለምነሽ ንስሐ አባታችንን ብትጠይቅ፣ የታመመ ልጅ ጾም የለበትም፣ ስጧት አሏት። ደስ ብሏት ማለቢያዋን ስታጥብ አየኋት። እኔ ምን አደረግኩ? ቀድሜያት ወጣሁና ጥጃውን ከገመዱ ፈታሁት። የላሚቱን ጡት ጥርግ አድርጎ ሲጠባ ቆሜ አየሁ። አለምነሽ ባዶ ማለቢያ ይዛ ስትመለስ፣ ገመዱን በጥሶ ነው አልኳት።

ብርቄ መደቡ ላይ ተኝታ ነበር፤ በሩ ክፍት ነው። አይታኛለች። እናቷ ገመዱን ስትረግም ልጅቷ እኔን አየችኝ እንጂ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

በማግስቱ ጠዋት እናቷ ላሚቱን አልባ ወተቱን አቀረበችላት።

"አልፈልግም" አለች ብርቄ። "እንደ አባዬ ፋሲካን እጠብቃለሁ።"

እናቷ ለመነቻት። እምቢ ስትላት ወደ እኔ ዞረች፤ "ምነው አንተ፣ ጠጪ በላት እንጂ" አለችኝ። ከእኔ የሚጠበቀው አንድ ቃል ነበር። ያቺ ቃል ምን ታስከፍለኝ ነበር? ጠጪ ካልኳት ሲስተሯ ያለችውን ማመኔ ነው፤ ልጄ እንደምትሞት ማመኔ ነው። ፈራሁ። ፈርቼ፣ "ሸጋ ልጅ" ብዬ ራሷን ዳሰስኩ። ከዚያ ወዲያ ማን ቢለምናት ወተት አልቀመሰችም።

ሆሳዕና ሳይደርስ አረፈች። ማስታገሻው ረድቷት ያለ ጩኸት ነው የሄደችው፤ እሱንም እናቷ ሰዓቱን ጠብቃ ትሰጣት ስለነበር እንጂ የእኔ ደግነት የለበትም። ለቅሶ ላይ ጎረቤቱ ሁሉ፣ አያ ታከለ፣ ታድለሃል፣ በዚያ ዕድሜዋ ጾሟን ሳትፈታ ሄደች አለኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ምስጋናውን ተቀበልኩ።

አለምነሽ ዛሬም በዚህ ትጽናናለች። ልጄ ወተት ቀርቦላት ለፈጣሪዋ ብላ እምቢ አለች እያለች ለሰው ታወራለች። እውነቱን ብነግራት የቀራትን መንጠቅ ነው እያልኩ ዝም አልኩ። ውሸቴን ነው። ለእሷ ሳስቼ አይደለም፣ ፊቷን ማየት ፈርቼ ነው።

ንስሐ አባቴ ቢሰሙ ቀኖና ሰጥተው ይፈቱኝ ይሆናል፤ ስገድ፣ ጹም ይሉኛል። ልጄ ግን አልጾመችም። እኔን ላለማስከፋት ተራበች እንጂ። ስለዚህ እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅር ማለት የምትችለው እሷ ብቻ ነበረች። እሷ ደግሞ ያን ቀን አይታኝ ዝም ስትል ይቅር ብላኛለች፤ እኔ መሸከም የማልችለው እሱን ነው።