ፍሬን በሙሉ ጤናው ሲናዘዝ

እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና መንጃ ፈቃድ የሰጠው ቢሮ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። ሰፈሩ በሙሉ «ፍሬን» ይለዋል። ሰው መኪና መንዳት ሲያስተምር ከአፉ የማትለየው ቃል ይህችው ናት፤ ድምፁ ደግሞ መንገድ ተሻግሮ ይሰማል። ሁለት የማሠልጠኛ መኪኖች፣ አስፋልት ዳር አንዲት ጠባብ ቢሮ፣ ከሚስቱ ጋር ላባቸውን ጠብ አድርገው የሠሩት ቤት አለው። ልጆቹም ሁለት ናቸው። ትልቋ አብራው ታሠለጥናለች፤ ትንሹ መድኃኒት ቤት ይሠራል።

ትልቋን እናቷ ይዛት የመጣችው ገና ድክ ድክ ስትል ነው። ወላጅ አባቷ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ፍሬን ግን «የእንጀራ ልጅ» የሚባል ቃል ደጃፉን እንዲያልፍ ፈቅዶ አያውቅም። ለእሷ ለራሷ አድጋ ነገር ሲገባት ነግረዋታል። ትንሹ ግን፣ ዛሬ ነገ ሲባል፣ ሳይነገረው ጢም አወጣ።

ነገሩ ሁሉ የተጀመረው የፍሬን ጓደኛ፣ ባለ ጋራዡ፣ በድንገት ሲሞት ነው። ከቀብሩ ጥቂት ቀን በኋላ ፍሬን የመኪናውን ዘይት ሊያስቀይር ብቅ ቢል በሩ ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ባለ ጋራዡ ያሳደገው ጎረምሳ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሞተር ሲፈታ የኖረው፣ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ደጅ ተቀምጧል።

«ምነው፣ ቁልፉ ጠፋ?»

«የሟቹ ወንድሞች ቀየሩት፣ ጋሼ። ‹አንተ ለእሱ ምኑ ነህ?› አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ።»

 ፍሬን ወዲያው ትልቋ ልጁ ትዝ አለችውና ዘይቱን ረስቶ መኪናውን አዞረ። በቀጥታ የሄደው አንዲት የሚያውቃት ጠበቃ ዘንድ ነው። መንዳት ያስተማራት እሱ ነው፤ ፈተናውን ደጋግማ ስትወድቅም «አይዞሽ» እያለ ያሳለፋት እሱው ነው።

«ጋሼ! ምን እግር ጣለዎት? ትራፊክ ቀጣዎት እንዴ?»

«ልናዘዝ ነው የመጣሁት።»

ከወንበሯ ብድግ አለች። «ምነው? አመመዎት?»

«ኧረ እንደ ብረት ነኝ!»

«እንግዲያው እንኳን መጡ! እኔ ጋ ሰው የሚመጣው ወይ ሲያጣጥር ነው፣ ወይ ከሞተ በኋላ።»

«ከሞተ በኋላ ደግሞ እንዴት ይመጣል?»

«ልጆቹ ናቸዋ፣ እየተናነቁ!»

ሳቁ። ከዚያ ብዕሯን አንሥታ ትጠይቀው ገባች። ስንት ልጅ አለዎት? ሁለት። ሁለቱም ከአብራክዎ ናቸው? እዚህ ላይ ፍሬን አቀረቀረ። ጠበቃዋም ገባት፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አስረዳችው። ዝም ብሎ ቢሞት ትልቋ ልጅ ከእናቷ እንጂ ከእሱ አትወርስም። ቤቱም መኪኖቹም የጋራ ስለሆኑ ግማሹ የሚስቱ ነው፤ እሱ መናዘዝ የሚችለው የራሱን ድርሻ ብቻ ነው፤ ሚስቱም ከፈለገች የራሷን ለብቻዋ ትጽፋለች። ማን ምን እንደሚወስድ ቁልጭ ብሎ መጻፍ አለበት። አራት ምስክር ያስፈልጋል፤ ወራሽ ግን ምስክር አይሆንም።

«እና ይሄን ካደረግሁ፣ ልጄን ማንም ‹አንቺ ምኑ ነሽ?› ሊላት አይችልም?»

«ቢላትም ወረቀቱ ይመልስላታል።»

ፍሬን ከዚያ ቢሮ ሲወጣ እግሩ መሬት አልነካም። ዕድሜውን ሙሉ ኑዛዜ ማለት አልጋ ላይ ተኝቶ፣ ዘመድ ከቦ እያለቀሰ የሚባል ነገር ይመስለው ነበር። ለካ ሰው ቆሞ፣ እየሳቀ፣ ለወደዳቸው ሰዎች ነገን ማስተካከል ይችላል! ደስታው አላስችል ብሎት ቤት እንደገባ ከበሩ ጀምሮ ጮኸ።

«ልናዘዝ ነው!»

ሚስቱ የያዘችውን ጭልፋ ለቀቀችው። «ኧረ በፈጣሪ! ሐኪሙ ምን አለህ?»

«ሐኪም ጋ መቼ ሄድኩ? ጠበቃ ጋ ነው የሄድኩት!»

«የባሰው መጣ! አንተ ሰውዬ፣ ሟርትህን ወዲያ በልልኝ!»

አስቀምጧት፣ እጇን ይዞ፣ ከጋራዡ ደጅ ጀምሮ አንድ በአንድ ነገራት። የጎረምሳው ነገር አንጀቷን በላው። ስለ ግማሹ ሲነግራት ግን ቀና አለች።

«መኪኖቹም ግማሹ የእኔ ነው?»

«መኪኖቹም።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን በገዛ መኪናዬ ከኋላ እየተቀመጥኩ ነው የኖርኩት? ከሰኞ ጀምረህ ታስተምረኛለህ!»

ትንሹ ገና ከሥራ አልገባም፤ ቤቱ በሳቅ ሲናጋ በር ላይ ቆማ ስትሰማ የነበረችው ትልቋ ልጅ ብቻ አልሳቀችም። አባቷን ወደ ጓሮ ጠራችው።

«አባዬ፣ እባክህ ተወው። ማን እንደሆንኩ ወረቀቱ ላይ መጻፉ አይቀርም። ወንድሜ ደግሞ ያየዋል። ከዛሬ ጀምሮ ለእሱ ግማሽ እህት ከምሆን ንብረቱ ይቅርብኝ።»

ፍሬን አሰበ፤ ጉንጯን ዳሰሳት። «የኔ ልጅ፣ እኔ ሞቼ ከሌላ ሰው ከሚሰማው፣ እኔ እያለሁ ከእኔ አፍ ይስማው።»

እሑድ ከምሳ በኋላ አራቱ ጠረጴዛ ከበቡ። ፍሬን ጉሮሮውን ጠረገ። ስለ አየሩ ተናገረ። ስለ ጎማ መወደድ ተናገረ። ትንሹ ልጅ አላስቻለውም።

«አባዬ፣ ስለ እህቴ ከሆነ ግባበት። እኔ ገና ተማሪ እያለሁ ነው ያወቅሁት።»

 እናትየው «ማን ነገረህ?» አለች።

«አክስቴ ናታ! እሷ ምን የማትናገረው አላት?»

ትልቋ ዓይኗ እንባ አቅርሮ «ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አልክ?» አለችው።

«አንቺ የምታውቂ አልመሰለኝማ! ከእኔ ሰምተሽ እንዳትጎጂ ብዬ ነዋ! አክስቴንማ ‹ለእሷ ትንፍሽ ብትዪ አላናግርሽም› ብዬ አስምያታለሁ።»

ትልቋ ጠረጴዛውን ዞራ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ሁለቱም አንዱ ሌላው እንዳይጎዳ ሲጠነቀቅ ዓመታት አልፈዋል። ፍሬን በአንድ ዓይኑ እያለቀሰ በሌላው ይስቃል፤ ሚስቱ ደግሞ በአክስትየው ላይ ትዝታለች። ረጋ ሲሉ ልጁ ራሱ «ማሠልጠኛው ለእሷ ይሁን» አለ። «እኔ መኪና ሳቆም ሰው ተሰብስቦ ነው የሚያየኝ። የፍሬን ልጅ መሆኔን እንኳ እክዳለሁ።» በቤቱ ላይ ካለው የአባቱ ድርሻ የሚበልጠው ለእሱ እንዲሆን፣ እናታቸው ግን በሕይወት እስካለች ማንም ከቤቱ እንዳያንቀሳቅሳት በአንድ ቃል ተስማሙ።

የቀረው የአንድ ሐረግ ጠብ ብቻ ነበር። ጠበቃዋ በረቂቁ ላይ «የባለቤቴ ልጅ» ብላ ጻፈች። ፍሬን እንዲህ ብሎ አልፈርምም አለ። ጠበቃዋ ማንነቷ በግልጽ ካልተቀመጠ ነገ መከራከሪያ ይሆናል አለች። ከብዙ ክርክር በኋላ «ከባለቤቴ የተወለደችው፣ እኔም ከሕፃንነቷ ጀምሬ ያሳደግኋት ልጄ» በሚለው ታረቁ።

የፊርማው ቀን ፍሬን ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ እንደ ሙሽራ ጠበቃዋ ቢሮ ገባ። ምስክሮቹ አራቱም ያስተማራቸው ሰዎች ናቸው፤ አዋላጇ፣ የአውቶቡሱ ሾፌር፣ ዳቦ ጋጋሪው እና ጡረታ የወጡት መምህር። ሰነዱ ጮክ ተብሎ ተነበበ። «ያሳደግኋት ልጄ» የሚለው ጋ ሲደረስ ፍሬን «እስቲ እሷን ድገሟት» አለ። ተደገመችለት። ከዚያ በየገጹ ፈረመ፤ ከደስታው ብዛት ፊርማው ከወትሮው ሁለት እጥፍ ሆነ። ሚስቱም የራሷን በተራዋ ፈረመች።

ውጭ ሲወጡ ጠበቃዋን ስለዚያ የጋራዥ ጎረምሳ ለመናት። ጋራዡን ማስመለስ አልተቻለም። ሆኖም በሽምግልናም በደብዳቤም ብላ መሣሪያዎቹን አስለቀቀችለት፤ አሁን የራሱን ትንሽ ጋራዥ ከፍቷል። ሚስትየውም ባለችው ሰኞ ትምህርቷን ጀምራለች፤ እስካሁን የገጨችው የገዛ አጥሯን ብቻ ነው።

ፍሬን ዛሬም ጤነኛ ነው፤ ያልበረደለት የኑዛዜው ነገር ብቻ ነው። በቀደም አንዲት አዲስ ሠልጣኝን መሪ አስይዞ ዋና መንገድ ላይ ሊያስገባት ሲል፣ ዘወር ብሎ በሙሉ ቅንነት «ለመሆኑ ኑዛዜሽን ጽፈሻል?» አላት። ልጅቷ ክው ብላ ሞተሩን አጠፋችው።

«ጋሼ፣ ይህን ያህል ያስፈራል እንዴ አነዳዴ?»