ወጥተው ይግቡ

ጎጃም በረንዳ ባለ አንድ የመጋረጃ ሱቅ ውስጥ ኮምፒውተሮቹን የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ቫይረስ ሲያስመርረን ሁሉንም ሊኑክስ ወደሚባል፣ ቫይረስ ወደማይደፍረው ሲስተም አዞርኳቸው፤ ማን የትኛውን ፎልደር መክፈት እንደሚችልም በቡድን በቡድን ከፋፈልኩ። የናሙና ፎቶዎቹ ቡድን ውስጥ ያሉት እትዬ ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ ለደንበኛ ናሙና ያሳዩ ሴት ናቸው፤ ኮምፒውተሩ የገባ ቀን ግን "ይኼ እኔን ሊያስወጣ ነው የመጣው" ብለው ደምድመዋል።

አንድ ቀን ባለሱቁ፣ ጋሼ፣ "እትዬን የመጋዘኑ ቡድን ላይም ጨምሪልኝ" አሉኝ። ቀላል ነገር! ትእዛዙን ኮምፒውተሩ ላይ ጻፍኩና ወደ ሌላ ሥራዬ ሄድኩ። ለካ አንዲት "ኤ" የምትባል የእንግሊዝኛ ፊደል ረስቻለሁ! እሷ ከሌለች ማሽኑ ሰውን አዲሱ ቡድን ውስጥ ይከትና ከነበረበት ሁሉ ይሰርዘዋል። የራጉኤል እድርተኛ ሰባተኛ ሰፈር ሌላ እድር ቢገባ ማን ከራጉኤል ይሰርዘዋል? ይኼ እድር የማያውቅ ማሽን ግን ይሰርዛል።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ናሙናውን ሊከፍቱ ቢሉ "ፈቃድ የለዎትም" አላቸው። ያውም ደንበኛ ፊት! እኔ ስደርስ መነጽራቸውንና የሻይ ብርጭቋቸውን በፌስታል ቋጥረው ተቀምጠዋል።

"ምን ሆኑ እትዬ?"

"ምን እሆናለሁ? በቃሽ ተባልኩ፣ በቃኝ።"

"ኧረ በስማም! የኔ ጥፋት ነው!" እያልኩ ትእዛዙን አስተካክዬ ወደ ቡድናቸው መለስኳቸው። የሚቀረው ከኮምፒውተሩ ወጥተው እንደገና መግባት ብቻ ነው። እኔ ቀዥቃዣዋ ታዲያ ዓይኔን ከስክሪኑ ሳላነሳ "በቃ እትዬ፣ አሁን ይውጡ" አልኳቸው። "ከዚያ ይግቡ" የሚለውን ለማን ልበለው? ፌስታላቸውን አንስተው ወጥተዋል።

ሮጬ ተከተልኳቸው። የገበያው ተሸካሚዎች "ዞር በሉ! ዞር በሉ!" እያሉ ሲያልፉ እትዬ በሩ ላይ ጥግ ይዘው ቆመዋል። "ከኮምፒውተሩ ማለቴ እኮ ነው! የሥራው ቋንቋ ነው፣ ወጥተው ይግቡ ነው የሚባለው" ብዬ ምዬ ተገዝቼ አስረዳኋቸው። ገባቸው፤ ፈገግም አሉ። ግን ንቅንቅ አላሉም።

"ውጪ ያለኝ ማሽኑ ነው እንበል" አሉ። "ግቢ የሚለኝ ግን ሰው ይሁን።"

ሄጄ ለጋሼ ነገርኳቸው። ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ በሩ ድረስ መጡ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ምን ይገትርሻል? ደንበኛው እሷ ካላሳየችኝ አልገዛም ብሎ ቁጭ ብሏል። ግቢ እንጂ!"

እትዬ ገቡ። ፌስታሉን ፈቱ፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው መነጽራቸውን አደረጉና ደንበኛውን "የቱ ጋ ነበርን?" አሉት። ኮምፒውተሩን ዞር ብለውም አላዩት።