ጣቶቼ የደነዘዙበት ጾም

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም፤ ፀጉር ስሠራ ደንበኞቼ ያወራሉ፣ እኔ እሰማለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ከቂርቆስ ወደ ኡራኤል በእግሬ ስሄድ በካዛንቺስ በኩል አለፍኩና የድሮው ፀጉር ቤታችን የነበረበትን ቦታ ፈልጌ አጣሁት። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ አዲስ ሣር፣ የመብራት ምሰሶ ብቻ። በሩ የቱ ጋ እንደነበር ለማወቅ ወዲያ ወዲህ ስል አንድ ጥበቃ «እህት፣ የጠፋብሽ ነገር አለ?» አለኝ። «የለም» ብዬው ሄድኩ። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ ከሆዴ አልወጣ አለ።

የፀጉር ቤቱ ባለቤት እትዬ ብርቄ ከእናቴ ጋር አንድ ማኅበር የሚጠጡ ሴት ነበሩ። እናቴ ወስዳ ስታስረክበኝ «ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ልጅ ሳትሆን የእኔ ልጅ ናት» አሏት። አመንኳቸው። ሹሩባ እጄ ላይ ቶሎ ገባ፤ ጥቂት ቆይቼ መስኮቱ አጠገብ ያለውን፣ ብርሃን የሚበዛበትን ወንበር ሰጡኝ። ከጎኔ የምትሠራው መሲ ትባላለች። ተጫዋች ናት፤ እኔ የማፍረውን ሁሉ እሷ ትናገርልኛለች። ደንበኛ ሲቆጣኝ «አቦ ተዪያት፣ እጇ ነው የሚያወራው!» ትልና ታስቃቸዋለች። እህት ስለሌለኝ እህቴ አደረግኳት።

ከገና በኋላ የቀኝ እጄ ጣቶች መደንዘዝ ጀመሩ። መጀመሪያ እንደ መርፌ ይወጋጉኛል፤ ከዚያ ጭራሽ የሌሉ ያህል ይሆናሉ። ማበጠሪያው ከእጄ ሲወድቅ እያየሁት እንጂ እየተሰማኝ አልነበረም። የነገርኩት ለመሲ ብቻ ነው፤ ፀጉር የሚታጠብበት ጓዳ ውስጥ።

«ለእትዬ እንዳትነግሪብኝ» አልኳት።

«እኔ? ምላሴ ይቆረጥ!» ብላ ጣቶቼን በቅባት አሸችልኝ።

እትዬ ብርቄ ደግሞ ለደንበኛ ሁሉ «እቺ ልጄ ብረት ናት፤ ድካም የሚባል አታውቅም» ይሉ ነበር። ጆሮዬ እስኪግል ደስ ይለኛል። ያ ስም እንዳይቀርብኝ ምሳዬን ቆሜ መብላት ጀመርኩ፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ጭራሽ ተውኩት። ከሽሮውም ከተልባውም ማታ ብቻ ነው የምቀምሰው። ጣቴ በደነዘዘ ቁጥር በልቤ «አንቺ ሰነፍ፣ አንቺ ልፍስፍስ» እላለሁ። ለጠላቴ የማልናገረውን ለራሴ እናገረው ነበር። ጾሙ ጸሎት መሆኑ ቀርቶ ራሴን መቅጫ ሆነ፤ ያኔ ግን ጽድቅ ነበር የመሰለኝ።

የጸሎተ ሐሙስ ማታ ጉልባን ቀምሼ አክፍሎት ያዝኩ፤ እስከ ፋሲካ ሌሊት እህልም ውሃም የለም። እናቴ «ሥራ አለብሽ፣ ዘንድሮ ይቅርብሽ» ብትለኝ «እችላለሁ» አልኳት። እትዬ ብርቄ ስኳር ስላለባቸው ሻያቸውን ፉት እያሉ «የእኔንም አብረሽ ጹሚልኝ» ብለው ሳቁ።

ቅዳም ሹር ገና በጠዋቱ ቤቱ ሞላ። ሴቶቹ ከቤተ ክርስቲያን ቄጤማ በግንባራቸው አስረው ይመጡና ፈተው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ይሠራሉ። የእርጥብ ቄጤማው ሽታ፣ የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሙቀት፣ ደጅ የሚጮኸው ዶሮ አሁንም አፍንጫዬና ጆሮዬ ላይ አለ። ቀትር ሲሆን የማን ፀጉር እንደያዝኩ እንኳ መለየት አቃተኝ። አንዲት ወይዘሮ መስታወቱን አየችና ጮኸች፤ ቀጥ ማለት የነበረበት መሥመር ከመሃል አናቷ ወደ ጆሮዋ ተጣሞ ወርዷል።

«ምን ሆነሽ ነው?» አሉ እትዬ ብርቄ።

መሲ ቀደመችኝ። «እትዬ፣ እጇ ከሞተ ቆይቷል እኮ! አሁን እየሠራ ያለው መንፈሷ ነው!»

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ከዚያ በፊት ለእኔ ስታስቅልኝ የነበረችው በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ፈገግታ ነው። «ተነሽ በቃ» አሉኝ እትዬ። መሲ ወንበሬ ላይ ተቀመጠችና የሠራሁትን ትፈታ ጀመር፤ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ከበዓሉ በኋላ ስመለስ መስኮቱ አጠገብ የእሷ ማበጠሪያዎች ተደርድረዋል። «አንቺ ለጊዜው እጥበቱን ያዢ» ተባልኩ። ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ። ለምን እንደሆነ የጠየቀኝ የለም።

ቤት ተኝቼ ክረምቱ ገባ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡን እየሰማሁ ቀኑን ሙሉ ራሴን እሰድብ ነበር። መሲን እንኳ ያን ያህል አልሰደብኳትም። አንድ ቀን የጎረቤታችን ልጅ ሶስና «ሹሩባ ሥሪኝ» ብላ እግሬ ሥር ተቀመጠች። እምቢ ማለት አፈርኩ። በደነዘዘ እጄ ቀስ እያልኩ ስጎነጉን «ኡፍ፣ አመመኝ!» አለች።

«አይዞሽ የኔ ቆንጆ፣ ትንሽ እንረፍ፤ ውሃ ጠጪ» አልኳት።

ይህን ቃል ለስንቱ አናት ብያለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ለማላውቀው ሰው ራስ ስራራ ኖሬ፣ ለራሴ እጅ አንድ ቀን «እንረፍ» ብዬው አላውቅም። ልጅቷ ቀና ብላ «ለምንድን ነው የምታለቅሺው?» አለችኝ። ሽንኩርት ነው እንዳልላት ሽንኩርት አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ተስተካከለ አልልም። ጤና ጣቢያ ሄጄ እጅሽን አሳርፊው አሉኝ፤ አሳረፍኩት። ስሜቱ የተመለሰው በዝግታ ነው፤ ስድቡን መተው ግን ከዚያም ባሰ። አሁን ቂርቆስ ሌላ ቤት እሠራለሁ። ከአንድ ፀጉር ወደ ሌላው ሳልፍ እጄን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆያለሁ፤ ምሳዬን ተቀምጬ እበላለሁ። የሥራ ጓደኞቼ «ጡረተኛዋ» ይሉኛል፤ ይበሉ። በበዓል ዋዜማ ሲበዛብኝ ዐይኔን መሬት ተክዬም ቢሆን «ከዚህ በላይ አልችልም» እላለሁ። ድሮ ያን ማለት ውድቀት ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን ያኔ ብረት የተባልኩት አንድ ፋሲካ መሻገር አቃተኝ፤ ጡረተኛ የተባልኩት ስንት ፋሲካ ተሻገርኩ። መሥመር ሲጣመምብኝም ፈትቼ እንደገና እጎነጉናለሁ እንጂ ራሴን አልረግምም።

የመከዳቱ ነገር ግን አልለቀቀኝም። ለብዙ ጊዜ ጥፋቱ ሁሉ የመሲ ይመስለኝ ነበር፤ እትዬ ብርቄ ግን እንደ ሌላው ሰው ያን ቀን የሰሙ፣ ደንግጠው «ተነሽ» ያሉኝ ነበር የሚመስለኝ። ሰፈሩ ሊፈርስ ነው ሲባል ዕቃ ላግዛቸው ሄድኩ። አርጅተዋል። ትልቁን መስታወት አንድ ጫፍ እሳቸው፣ አንድ ጫፍ እኔ ይዘን ደጅ አወጣነው፤ ግድግዳው ላይ አስደግፈን ስናርፍ እንዴት ደፍሬ እንደሆነ አላውቅም ጠየቅኳቸው። ስለ እጄ የሰሙት ያን ቀን ነው ወይ አልኳቸው።

ምንም አልደነገጡም። በነጠላቸው ጫፍ የመስታወቱን አቧራ እየጠረጉ፣ ድሮ እንደሚሉት በለሰለሰ ድምፅ መለሱልኝ፦

«ኧረ መሲ በጥምቀት ነግራኛለች። እስከ ፋሲካ ታደርሺኛለሽ ብዬ ዝም አልኩ እንጂ፣ ልጄ።»