የክንፉ ደቦ

ከገሳይ ወደ ጉና በሚወጣው ጥርጊያ መንገድ፣ ኩርባው ላይ ያለው ቤት የኛ ነው። እንደ ሐሜተኛ ሰው ወደ መንገዱ አንገቱን አስግጎ የቆመ ቤት ነው። አባቴ ሲሠራው በዚያ የሚያልፈው አህያና ሙሽራ ብቻ ነበር፤ ለአህያ ብሎ ግድግዳውን የሚሰበስብ ደግሞ የለም።

አንድ ዓመት እህሉ ከአውድማ እንደገባ፣ ከከተማ አንድ ወጣት ባለሙያ መጣና ሰዉን ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሰበሰበ። ተራራው ላይ በነፋስ የሚዞር የመብራት ማሽን ሊተከል ታስቧል አለ።

«ነፋሱንማ ውሰዱልን!» አሉ ሽማግሌዎቹ። «ከብርድ በቀር ምን ሰጥቶን ያውቃል?»

እሱም አብሮ ሳቀ። ሳቁ የቆመው ስለ መኪናዎቹ ሲነሳ ነው። ሲሚንቶ የጫነ መኪና ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል፣ ከብት በመንገዱ መንዳት ይቀራል። የማሽኑን ክንፍ የሚያመጣው ተሳቢማ ስድስት ባሕር ዛፍ ቢቀጣጠል ያህላል። እሱ በኩርባው ካላለፈ ቤታችን ይፈርሳል።

«ያልፋል!» አለ አባቴ።

«በምን አወቁ፣ አባባ?»

«ዓይን አይቶ ልብ ይፍረድ! ደቦ ጠርቼ አሳይሃለሁ።»

እናቴ ጠላ ስትጠምቅ ሰነበተች፤ አፏ ግን አላረፈም። «ገና ላልመጣ መኪና ጠላ የሚጠመቅበት ቤት የኛ ብቻ ነው! ወይ ጉዴ!»

በቀጠሮው ቀን ወንዶቹ ስድስት ባሕር ዛፍ ጫፍ ለጫፍ በጠፍር አስረው፣ እየዘፈኑ በትከሻቸው አነሱት። አባቴ ከፊት የኋሊት እየሄደ፣ ዱላውን እያወዛወዘ «ወደ ግራ! ቀስ! ቀስ!» ይላል፤ ሾፌሩም አለቃውም እሱ ነው። ኩርባው ጋ ሲደርሱ አጥሩን ጨብጬ ቀረሁ። የተወለድኩበት ቤት ነው፣ ፈርቼ ነበር። ግንዱ በየመጋጠሚያው ታጠፍ፣ ታጠፍ አለና የግድግዳውን ማዕዘን ሳይነካ ሾልኮ አለፈ። እልልታው ቀለጠ!

ባለሙያው ራሱን አከከ። «አባባ፣ የእኛው ክንፍ እኮ አይታጠፍም።»

ያ ሁሉ ሰው፣ ቄሱ ሳይቀሩ፣ አንዳችንም ይህን አላሰብንም።

«እንግዲያው መታጠፍ አስተምሩታ!» አለ አባቴ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ሄዶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

ባለሙያው ይህን ሲያይ ደብተሩን አወጣ። «በላይኛው መንገድም ማምጣት ይቻላል። ከፈለጉ እሱን እጽፋለሁ።» እናቴ ሳይጨርስ እልል አለች።

«በላይኛው?» አለ አባቴ።

በላይኛው መንገድ ኩርባ ላይ ባሏ የሞተባት እህቱ አለች። ብቻዋን ነው የምትኖር። ቤቷም እንደኛው መንገዱ አፍ ላይ ነው። ይህን የማያውቅ ባለሙያው ብቻ ነበር፣ እስክሪብቶውን ከፍቶ ይጠብቃል። እኔ በልቤ «ዝም በል፣ አባቴ፣ ዝም በል!» እል ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንደዚያ ነው ያልኩት።

«ተው፣ ልጄ» አለ አባቴ። «እሷ አንዴ ከፈረሰባት መልሳ የምታቆምበት ጉልበት የላትም። በእኔው ይምጣ ብለህ ጻፍ።»

«እኔንስ ማን ጠየቀኝ?» አለች እናቴ። መልስ አልጠበቀችም፤ ገብታ ከግድግዳው ላይ ሰፌዶቿን ታወርድ ጀመር።