አባቴ ለእንግሊዞች ሽምግልና የወጡ ጊዜ

በጃንሆይ ዘመን፣ ዳንግላ ስምንተኛ ክፍል ስማር፣ እንግሊዝኛ የሚያስተምረን ከህንድ አገር የመጣ፣ ብርዳችንን ፈጽሞ ያልቻለው ሰው ነበር። በጥቅምት ፀሐይ እንኳ ሁለት ሹራብ ደርቦ ነው ክፍል የሚገባው። በዚያ ዓመት አንድ የታወቀ የድሮ እንግሊዝ ልብ ወለድ፣ ለተማሪ እንዲመች ያጠረውን፣ አመጣልን። መጽሐፉ ለሁላችን ስለማይዳረስ በተራ ወደ ቤት እንወስደው ነበር።

ታሪኩ በነፋሻ ደጋ የሚኖር የአንድ ባለርስት ቤት ታሪክ ነው። ባለርስቱ ከሩቅ ከተማ ወላጅ የሌለው ልጅ አንስቶ ይመጣል። ልጁ ከሰውየው ሴት ልጅ ጋር አብሮ ያድጋል፤ ይዋደዳሉ። አባትየው ሲሞት የልጅቱ ወንድም ያንን ልጅ ከማዕድ አስነስቶ ከከብቶቹ ጋር ያውለዋል። ጎረቤት ያለ ሀብታም ልጅቱን ለትዳር ይጠይቃታል። እሷም አብሮ አደጓን ብታገባ ክብሯ እንደሚዋረድ ለቤቱ ሠራተኛ ስትናገር፣ ልጁ ከበር ኋላ ተደብቆ ይሰማና ሳትጨርስ አገር ጥሎ ይሄዳል። ከነፍሷ አስበልጣ እንደምትወደው የተናገረችው እሱ ከወጣ በኋላ ነው። ከዓመታት በኋላ ሀብት ይዞ ይመለስና ሁለቱንም ቤት ማጥፋት ይጀምራል።

አባቴ ገበሬ ነበሩ። ከእርሻቸው ይልቅ ግን የሚታወቁት በአስታራቂነታቸው ነበር። ድንበር የተገፋበት፣ ሚስት የኮበለለችበት፣ ደም የተቃባ ሁሉ የሚመጣው እኛ ደጅ ነው። ያልሆነን ነገር ሆነ ብሎ የሚጽፍ ሰው ለእሳቸው ከሐሰተኛ ምስክር አይለይም። እና አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ከቀርከሃ አጥራችን ሥር ተቀምጬ ሳነብ አገኙኝ።

"ምን ይላል?" አሉኝ።

ልብ ወለድ ነው ብላቸው በማግስቱ ከትምህርት ቤት መቅረቴ ነው።

"መጽሐፉስ የሰዋስው ነው፣ አባባ። እኔ የማስበው አንዲት የክፍሌ ልጅ የነገረችኝን ነው። አገሯ ላይ ከባድ ጠብ አለ።"

"አገሯ የት ነው?"

"ከአዲስ ቅዳም ማዶ" የሚለው አፌ ላይ መጣልኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አላስቀመጡኝም። ከትምህርት ቤት ስመለስ "ዛሬስ ምን ነገረችሽ?" ይሉኛል። በቤታችን የሚወራው አገውኛ ስለነበር፣ እንግሊዝኛውን ወደ አገውኛ ስመልሰው ሰዎቹ በራሳቸው ጊዜ የኛ አገር ሰዎች ሆነው ቁጭ አሉ። ጋሪያቸው ፈረስ፣ ካባቸው በርኖስ ሆነ። ነፋሱንና ጭጋጉን እንዳለ ተውኩት፤ እነሱ ከእኛው አይለዩም።

እናቴ ጥጥ እየፈተለች ትሰማለች። የጥፋቱ ምንጭ ማን ነው በሚለው ላይ ከአባቴ ጋር አልተስማሙም።

"ወንድምየው ነው" ይላሉ አባቴ። "አብሮት የበላን ሰው ከማዕድ ያስነሳ እሱ ነው።"

"የሟቹ ነው ጥፋቱ" ትላለች እናቴ። "የሰው ልጅ ይዞ ሲገባ፣ ይህ ልጅ በዚህ ቤት እንዲህ ነው ድርሻው ብሎ ለማንም አልተናገረም። ዝም ብሎ አመጣው፤ ዝም ብሎ ሞተ።"

"ልጅቱስ?" አልኳት።

"እሷማ ሁለት ባል አማራት። አንዱን ለልቧ፣ አንዱን ለጓዳዋ።"

አባቴን ግን ከሁሉ ያናደዳቸው የበሩ ነገር ነበር። "ከበር ኋላ ቆሞ የሰው ወሬ የሚሰማ ሰው" አሉ ከዘራቸውን መሬት እየመቱ፣ "ወይ እስከ መጨረሻው ይስማ፣ ወይ ጭራሹን አይስማ!"

አንድ ዓርብ ላይ ያነበብኩት ልጅቱ ሀብታሙን ካገባች በኋላ አርግዛ በሐዘን የምትታመምበት ድረስ ነበር። ይህንኑ ነገርኳቸው።

"አልሞተችም?"

"እስካሁን አልሞተችም።"

"እንግዲያው ጊዜ አለን" አሉና ፈረሳቸውን ሊያዩ ወጡ። "ነገ የአዲስ ቅዳም ገበያ ነው። አንቺም ትሄጃለሽ፤ ነገሩን የምታውቂው አንቺ ነሽ።"

እውነቱን ለመናገር አፌን ሁለት ጊዜ ከፍቼ ሁለት ጊዜ ዘጋሁት። ጎህ ሲቀድ ከኋላቸው ተፈናጥጬ ነበር። መንገዱን ሙሉ ዝናብ እንዲጥል፣ ፈረሱ እንዲያነክስ፣ ገበያው እንዲበተን እየለመንኩ ሄድኩ። ፀሐይዋ ደመቀች፤ ፈረሱም እንደዚያን ቀን ሄዶ አያውቅም።

ገበያው ዳር እንደደረስን አባቴ ጥላ ሥር ያረፉ ሰዎችን ጠየቁ፤ የሰው ልጅ ያሳደገ ቤት፣ ያደገው ልጅ በፍቅር ተቀይሞ የጠፋ፣ ሀብት ይዞ ተመልሶ የሚበቀል። እኔ ማንም አያውቅም ብዬ ነበር። ሰዎቹ ግን እርስ በርስ ተያዩና፣ "የትኛውን ነው የሚሉት?" አሏቸው።

ሦስት ነበሩ። አንደኛው አርጅቶ በቀሉም ደክሞታል። ሁለተኛው ታስሯል። ሦስተኛው ከገበያው ጫፍ ሱቅ ያለው፣ ጅማ ቡና አገር ስምንት ዓመት ኖሮ የመጣ ሰው ነው። ተመልሶ ከአሳዳጊው ቤት በላይ ያለውን መሬት ያዘና፣ የአብሮ አደጉን የአሳዳጊውን ወንድ ልጅና ይወዳት የነበረችውን ሴት ባል ማሳ የሚያጠጣውን ጅረት ወደ ራሱ ጠለፈው።

ሱቁ ስንገባ ሰውየው ጨው እየመዘነ ነበር። አባቴ ሰላምታ እንኳ አላስረዘሙም።

"አንተ ልጅ፣ አገር ጥለህ የሄድከው እሷ ስለ አንተ የተናገረችውን ሰምተህ አይደለም?"

ሚዛኑ ከእጁ ወደቀ። ጨው መሬት ላይ ፈሰሰ።

"ማን ነገረዎ?"

"እሱን ተወው። ቶሎ ወጣህ። ከዚያ ቀጥላ ያለችውን አልሰማህም።"

"ምን አለች?"

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። "ንገሪው።"

ሰውየው እንደ ልጅ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። "ከነፍሷ አስበልጣ እንደምትወድህ ተናገረች" አልኩ። "አንተ ግን ሄደህ ነበር።"

ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ፊቱን በነጠላው ጠርጎ፣ "እንዲህ ከሆነማ የሰው ገብስ ያደረቅሁት በከንቱ ነው" አለ። የአባቴን ጉልበት ስሞ ከአብሮ አደጉ ጋር እንዲያስታርቁት ለመናቸው። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተቀጣጠሩ።

በዚያ ሳምንት አስተማሪያችን መጽሐፉን አስጨርሶን፣ የዚህ አሳዛኝ ፍቅርና በቀል መንስኤው ምንድን ነው የሚል ጥያቄ ሰጠን። ጓደኞቼ ኩራት፣ ንቀት፣ የሀብት ልዩነት እያሉ ጻፉ። እኔ፣ ዋናው መንስኤ መካከላቸው የሚገባ ሽማግሌ መጥፋቱ ነው፤ ሁለተኛው ነገርን ሳይጨርሱ ከበር መሄድ ነው ብዬ ጻፍኩ። በቀይ ቀለም፣ "ሽማግሌው የትኛው ገጽ ላይ ነው?" ተብሎ ተመለሰልኝ።

ቅዳሜ እርቁ ሆነ። እንደ ደንቡ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው፤ ሁለቱም በዳይ ስለነበሩ ሁለቱም ተሸከሙ። ሱቀኛው ስላጠፋው ሁሉ ትልቁን ያንሳ፣ የለም አብሮ አደጉ አስቀድሞ ስለበደለ እሱ ያንሳ ተብሎ፣ በድንጋዩ ልክ ሌላ ጠብ ሊነሳ ለጥቂት ተረፈ። በመጨረሻ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ እኔም አለቀስኩ። የእኔ ልቅሶ ግን ከፍርሃት ነበር፤ ምክንያቱም ሴትየዋ ልጅ አዝላ ከማዶ ታየኛለች።

ጠላ መቅዳት ሲጀመር ክንዴን ይዛ ከቤቱ ኋላ ወሰደችኝ። ወፈር ያለች፣ ፊቷ ሳቅ ሳቅ የሚል ሴት ነበረች።

"ያ ሰውዬ ዛሬ እንደ ማርያም ሥዕል ነው የሚያየኝ። እወደዋለሁ አለች ብለሽ የነገርሽው አንቺ ነሽ አሉ?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"እኔ መቼ ነው ያልኩት? እሱን ከማገባ ገዳም እገባለሁ ነበር ያልኩት፤ ያልኩትም የምሬን ነው። ከዚያ ወዲያ የተናገርኩት ነገር ካለ፣ ወጡ አረረ የሚል ነው።"

"ሄጄ እውነቱን ልንገረው?"

"አበድሽ?" አለች አፌን በመዳፏ ይዛ። "ውኃው እኮ ዛሬ ጠዋት ማሳችን ገባ!" የገብስ ቆሎ በነጠላዬ ጫፍ አፍሳልኝ እየሳቀች ተመለሰች።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ደስ ብሏቸው ያንጎራጉሩ ነበር። ጀርባቸው ላይ ተለጥፌ ዝም ማለት አቃተኝ። ሁሉንም ተናገርኩ፤ መጽሐፉን፣ እንግሊዞቹን፣ ያልነበረችውን የክፍል ጓደኛዬን። የሴትየዋን ነገር ብቻ ዋጥሁት።

ፈረሱን አቆሙት።

"እንግዲያው የእንግሊዙ ሰውዬ አልታረቀም?"

"አልታረቀም፣ አባባ።"

"ሴትየዋስ?"

"ሞተች።"

"ያን ሁሉ ዓመት ሲናቆሩ፣ በዚያ አገር አንድ ሽማግሌ ጠፋ?"

"በመጽሐፉ ውስጥ የለም።"

"ውረጂ" አሉኝ። "ለዋሸሽኝ ዳንግላ ድረስ በእግርሽ ትሄጃለሽ።"

ወረድኩ። ፈረሱ ከፊት ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ እኔ በጭቃው ከኋላ እከተላለሁ። አንድ ዳገት፣ አንድ ቁልቁለት ጨረስን። ሁለተኛው ዳገት ላይ ሳይዞሩ ጠየቁኝ።

"አርግዛ ነበር ብለሽ አልነበር? ልጁ ተረፈ?"

"ተረፈች። ሴት ናት።"

"አደገች?"

"አደገች። ያ ሰውዬ እሷንም አልተዋትም።"

ልጓሙን ሳቡ። እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉልኝ።

"ነዪ ውጪ" አሉ። "ምንም እንዳታስቀሪ፤ ከተወለደች ጀምሮ ያለውን አንድ በአንድ ንገሪኝ።"