ደህና ነው ያሉት መሪጌታ

መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ የሰው ስህተት አያመልጣቸውም። ላሊበላ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ከጎጆ ሙሉ ተማሪ መካከል አንዱ ዜማውን ትንሽ ሰበር ካደረገ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እንደተቀመጡ፣ «አንተ ከግድግዳው ሥር ያለኸው፣ መልሰው!» ይላሉ። አንቀላፉ ብሎ የተዘናጋ ወዮለት። እንዲህ ያለ ጆሮ የሰጣቸው አምላክ ወንድ ልጅ የሰጣቸው ግን በስተርጅና ነው። በዘመነ ጽጌ ስለተወለደ ጽጌማርያም አሉት።

ልጁ ሦስት ዓመት አልፎት «አባባ» አላለም። «እማዬ»ም አላለም። በስሙ ሲጠሩት አይዞርም፤ ከእኩዮቹ ጋር አይጫወትም። የዜማ ቤቱ ደፍ ላይ ተቀምጦ ጣቶቹን በፀሐይ ብርሃን ላይ እያወዛወዘ ሲያይ ይውላል። እናቱ አሰለች ውስጥ ውስጡን ተብሰከሰከች። ታዲያ አንድ ቀን፣ ተማሪዎቹ ወር ሙሉ ሲታገሉት የሰነበቱትን ዜማ፣ ይኸው ዝምተኛ ልጅ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳያዛንፍ አወረደው።

ጉድ ተባለ። ካህናቱ ሊሰሙት መጡ፤ ጎረቤቱ ሊሳለመው ምንም አልቀረው። «ከማኅፀን ተምሮ የወጣ ነው» አሉ። መሪጌታ ደስታቸው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ልጄ የዓለም ወሬ ንቆ ነው እንጂ መናገር አቅቶት አይደለም ብለው ለራሳቸው ፈረዱ። ውሃ ስጡኝ ማለት የማይችል ልጅ ያን ሁሉ ዜማ ቢያወርድ ምን ያደርግለታል ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ነበረች እንጂ፤ አሰለች ነበረች። ግን ማን ሰምቷት!

ልጁ አምስተኛ ዓመቱን እንደያዘ ሰርካለም የምትባል የአእምሮ ሕክምና ነርስ ወደ ቤታቸው መጣች። የኮን ከተማ ልጅ ናት። ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታጠናው ስለ ሕፃናት ነበር፤ አፋቸውን ስላልፈቱት፣ የሚጥል በሽታ ስላለባቸው፣ ከሰው ስለሚሸሹት። በከተማውም በአሸተን ማርያም ተራራ ሥር ባሉት መንደሮችም ቤት ለቤት እየዞረች ትጠይቃለች። እንዲህ ያሉ ልጆች በብዛት በተገኙበት ቦታ ለወላጆች ሥልጠና፣ ለልጆቹም ክትትል እንደሚጀመር አስረድታ ጥያቄዋን ቀጠለች።

«የኔታ፣ ልጅዎ የፈለገውን ነገር በጣቱ ያሳያል?»

«ያሳያል።»

«በስሙ ሲጠሩት ይዞራል?»

«እንዴታ!»

«ሲያመውስ ይናገራል?»

አሰለች ከጓዳው በር ላይ ቆማ ባሏን አየቻቸው። እሳቸው አላዩዋትም። ሐሳባቸው ሌላ ጋ ነበር፤ ልጃቸውን አድርሰው ለድቁና ጳጳሱ ፊት የሚያቆሙበትን ቀን ነበር የሚያልሙት። ድቁና ሙሉ አካል፣ ሙሉ አእምሮ ይሻል። የመሪጌታ ልጅ አእምሮው ጎደሎ ነው የሚል ወሬ አንዴ ከወጣ ማን ይመልሰዋል? ነገር ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

«ልጄ ደህና ነው» አሉ። «በዚህ ዕድሜው ዜማ የዘለቀ ልጅ ምን ይጎድለዋል ብለሽ ነው?»

ሰርካለም ደፉ ላይ ጣቶቹን የሚያወዛውዘውን ልጅ ቆይታ አየችው። «ትንሽ ባጫውተው ቅር ይልዎታል?» አለች።

«ትምህርት ላይ ነው፤ አይሆንም» አሏት። አመስግና ወጣች። በማግስቱ አሸተን ሥር አልጣሽ የምትባል ገበሬ ያንኑ ጥያቄ ስትጠየቅ፣ «ኧረ እቴ፣ እንኳን ልትናገር ዞራም አታየኝ!» ብላ ልጇን ታቅፋ አለቀሰች። አልጣሽ የምትደብቀው ክብር አልነበራትም፤ ያ ነው የበጃት።

ሁለት ዓመት አለፈ። በፋሲካ ሰሞን መሪጌታ ቤት ካህናት ተጋብዘው፣ ጠላው ቀርቦ፣ ጨዋታው ደርቶ ሳለ ጽጌማርያም ከጥግ ሆኖ ማዜም ጀመረ። እንግዶቹ ጆሯቸውን ጣል አደረጉ። ወዲያው ግን እርስ በርስ ተያዩ። ልጁ የሚያዜመው የስቅለትን ዜማ ነው። ጌታ ተነሣ ተብሎ ሰው ሁሉ በሚደሰትበት በበዓለ ሃምሳ፣ የስቅለት ለቅሶ!

መሪጌታ በሀፍረት ፊታቸው ጠቆረ። «ተው!» አሉት። ልጁ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ተው አልኩህ እኮ!» አሁንም ባሰበት። በሕይወታቸው ሙሉ ያለጊዜው የተዜመ ዜማ ታግሰው አያውቁምና ተነሥተው በጥፊ አጮሉት። አሰለች ሮጣ አቀፈችው።

«ገላው እሳት ሆኗል እኮ» አለች።

«ቅብጠት ነው፤ ተይው!»

ልጁ ግን አልተወም። ያን ቀንም በማግስቱም ድምፁ እስኪሰልል ያንኑ አዜመ። ከዚያ ድንገት ዝም አለና ይንቀጠቀጥ ጀመር። ተሸክመውት ሆስፒታል ደረሱ። ሐኪሙ መርምሮ፣ ከጆሮው ውስጥ የጀመረ መግል ወደ አንጎሉ ሽፋን መዝለቁን ነገራቸው።

«ይኼ የአንድ ቀን ሕመም አይደለም» አለ ሐኪሙ። «ልጁ አመመኝ አላለም እንዴ?»

«ምንም አላለም» አሉ መሪጌታ።

«ብሏል» አለች አሰለች።

ሐኪሙ ወደ ልጁ ተመለሰ። መሪጌታ ሚስታቸውን ወደ ኮሪደሩ ወስደው ምን ማለቷ እንደሆነ ጠየቁ።

«ገና ዳዴ ሲል የስቅለት ለት ከቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ወድቆ አገጩ የተፈነከተው ትዝ ይልዎታል? ደሙ ሲወርድ ያ ዜማ ይዜም ነበር። ማዜም ከጀመረ ወዲህ ካመመው እሱን ነው የሚለው። እሾህ ቢወጋው እሱን፣ ጥርሱን ቢያመው እሱን። ሌላ ቃል ከየት ያምጣ?»

«እና ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬዎት ነበር እኮ። አንቺ ስለ ዜማ ምን ታውቂያለሽ አሉኝ።»

ተማሪ ሁሉ የሚፈራው ያ ጆሮ፣ የገዛ ልጃቸውን ጣር እንደ ዜማ ስህተት ሰምቶ በጥፊ አርሞታል። ግድግዳውን ተደግፈው እንደ ሕፃን አለቀሱ፤ የሚያልፈው ሰው አያቸው፣ ግድም አልሰጣቸው።

ጽጌማርያም ተረፈ፤ አንድ ጆሮው ግን ደነቆረ። ሁለተኛው ይሰማል፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አንዲት ዜማ ከአፉ አልወጣችም። ሕመሙ ይሁን ጥፊው ሐኪሙም አላወቀም። መሪጌታ ጥፊው ነው ይላሉ።

በዓመቱ ሰርካለም የጥናቷን ውጤት ለከተማው ሰው ልታቀርብ ተመለሰች። መሪጌታ ከካህናቱ ጋር አዳራሹ ውስጥ ተቀመጡ። በገበሬው ቤት ብዙ እንዲህ ያሉ ልጆች መገኘታቸውን፣ በካህናት ቤት ግን አንድም አለመገኘቱን ተናገረች። «ለምን እንደሆነ ገና አላወቅንም» አለች። ከኋላ አንዱ፣ «ጸሎቱ ነዋ!» ቢል ቤቱ በጭብጨባ ደመቀ። ሥልጠናውና ክትትሉም ልጆቹ በብዛት በተገኙበት፣ አሸተን ሥር ባለው ጤና ኬላ ሆኗል፤ ለከተማው የታሰበ ነገር የለም።

መሪጌታ ወደ ጎናቸው ዞር አሉ። አጠገባቸው የተቀመጠው ቄስ የሚጥላት ልጅ አለችው፤ ጸበል ሲያስጠምቃት አብረውት ነበሩ። ቄሱ መሬት መሬት ያያል። ከፊት ያለው ዲያቆንም አፉን ያልፈታ ወንድሙን ከቤት አያወጣውም። የዋሹት እሳቸው ብቻ አልነበሩም። የሁሉም «ደህና ነው» ተደምሮ እውቀት ሆኖ ተመልሶ መጥቷል፤ የተጨበጨበለትም ለዚያ ነው።

መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ተነሡ።

«ልጄ፣ ዋሽቼሻለሁ» አሉ። «የእኔ ልጅ ተናግሮ አያውቅም። በስሙ ስንጠራውም አይዞርም። ጠይቀሽኝ ደህና ነው አልኩሽ። ልጄን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ሰርካለም ቀስ ብላ፣ «የኔታ፣ ያን ቀን አይቼው ነበር። ቃልዎን አልፌ መጻፍ አልቻልኩም እንጂ» አለች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ሌላ የተነሣ ሰው ግን አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ መሪጌታና አሰለች ልጃቸውን ይዘው በየሳምንቱ የአሸተንን አቀበት ይወጣሉ። ጤና ኬላው ውስጥ የአልጣሽ ልጅ ውሃ ስትፈልግ በጣቷ እያሳየች «ውሃ» ትላለች። አልጣሽ ልጇን ያናገረችበትን መላ ሁሉ ለአሰለች ታሳያታለች፤ ፊት ለፊት መቀመጥን፣ ዓይን ለዓይን መተያየትን፣ በእጅ ማመልከትን። መሪጌታም ከሴቶቹ መካከል ተቀምጠው ይማራሉ። ትንሽ ቀደም ብትመጡ ጥሩ ነበር ያላቸው የለም። ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚለውን ተረት ግን እሳቸው ራሳቸው ያውቁታል።

ባለፈው ሰሞን መሪጌታ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። አሰለች ከግቢው ማዶ ልብስ ታጥባለች። ጽጌማርያም ከቤት ወጣ። ፊቱ ተጨማዷል፤ ጎንበስ ብሎ ነው የሚራመደው። መሪጌታ ምልክቱን ተምረውታል፣ አሁን ይገባቸዋል፤ ፊት ለፊቱ ይሆኑ ዘንድ ከመቀመጫቸው ወርደው በጉልበታቸው ተንበረከኩና እጃቸውን ዘረጉለት።

ልጁ በአጠገባቸው አለፈ። ግቢውን አቋርጦ እናቱ ዘንድ ደረሰ፤ ቀሚሷን ሳበ፣ ዓይኗን አየ፣ እጇን ወስዶ ሆዱ ላይ አደረገው። አሰለች ሳሙናውን ጥላ ወደ ደረቷ አስጠጋችው፣ ጆሮው ሥርም የሆነ ነገር አለችው።

መሪጌታ እንደተንበረከኩ፣ «ምን አለሽ?» ብለው ጠየቁ።